ስውሩ ጓዳ ያልተሸተተበት ዓመት

አገሩ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ ከወዲሁ ይነሳና ይሂድ፤ አልነግረውም። ወንዝ አለው፣ ድልድይ አለው፣ ንጉሥ አለው። ስሙን ብነግራችሁ «አሃ፣ ያማ የነእከሌ አገር ነው» ብላችሁ እፎይ ትላላችሁ። እፎይ እንድትሉ አልፈልግም፤ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

በዚያ አገር የንጉሡ አያት የሞቱት በደብዳቤ ነው። አንድ ክፉ ሰው ብራናውን በመርዝ አሸው። ንጉሡ ጣታቸውን በምራቃቸው እያራሱ ሲገልጡ ሲገልጡ፣ ሦስተኛው ቅጠል ላይ እንደደረሱ እዚያው ክንብል አሉ። ልጃቸው አልጋውን ሲይዙ መጀመሪያ የሾሙት የጦር አዛዥ አይደለም፤ ዳኛም አይደለም። አፍንጫ ሾሙ። አሽታቾች የሚባሉት ሹማምንት ያን ጊዜ ተቋቋሙ፤ እስከ ዛሬም አሉ።

የአሽታቾች ሕግ እንዲህ ነው። በየሰባት ቀኑ ቤቱም፣ ጎተራውም፣ በረቱም፣ የሰው ኪስም ይሸተታል። በእጃቸው «የክፉ ሽታ መዝገብ» የሚሉትን ይይዛሉ። በየወሩ ጨረቃ ስትወለድ ከመናገሻው ከተማ አዳዲስ ሽታ ይመጣና ይጨመርበታል። ይጨመርበታል እንጂ አይቀነስለትም። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት መርዝ ብቻ ነበር የተጻፈው፤ እኔ በምነግራችሁ ዘመን ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሶ ነበር። ከነዚያ አንዱ የእርጥብ ውሻ ሽታ ስለሆነ፣ ዝናብ ሲያካፋ ሰው ሁሉ ውሻውን ይዞ ወደ ቤት ይሮጥ ነበር።

ሌላም ሕግ አላቸው፤ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አሽታች ክፉ ሽታ ያገኘ እንደሆነ የሸተተውን ነገር ከሌላው አይለይም፤ ሽታው ያለበትን ዕቃ እንዳለ ይወስደዋል። አንዲት ፍሬ ብትሸት ስልቻው ይሄዳል። አንድ ሰውዬ ባርኔጣህ ሸተተ ተብሎ ከነባርኔጣው ተወስዷል። የሚወስዱትም ዝም ቤት ወደሚባለው ነው። ዝም ቤት ውስጥ ምንም አይሰረቅም፣ ምንም አይቃጠልም፤ በሰም ታሽጎ፣ አቧራው እየተጠረገ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ጠፋ አይባልም። ብቻ ከዚያ የወጣ ነገር ያየ ሰው የለም።

እንግዲህ በዚሁ አገር ሸንተር የሚባል ወረዳ አለ። የሸንተር ወንዶች ንጉሡ ለሚያሠሩት ግንብ ድንጋይ ሊጠርቡ ወንዙን ተሻግረው ይሄዳሉ። መቼ እንደሚመለሱ አይነገራቸውም፤ የተፈቀደላቸው በዓመት አንድ ደብዳቤ ነው። ድሮ ደብዳቤዎቹ በየቤቱ ይቀመጡ ነበር። አይጥ በላቸው፣ ጣሪያ አፈሰሰባቸው፣ ሕፃን ቀደዳቸው። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ደብዳቤው ሁሉ ጫፍ ለጫፍ በጅማት እየተሰፋ አንድ ጥቅል እንዲሆን ወሰኑ። ለወረዳው አንድ ጥቅል፣ ለጥቅሉም አንድ ጠባቂ። ጥቅሉ የሚያድረው ከደብዳቤ ቤቱ ሥር በተቆፈረ ስውር ጓዳ ነው። የጓዳው ስም ሌባ እንዳይገምተው ሆን ተብሎ ትርጉም የለሽ ተደርጎ ወጥቷል፤ «ገመቀ ስምንት ዘለፋ» እንደማለት ያለ ነው። እውነተኛውን ስም ግን እኔም አልነግራችሁም።

ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል ቆጠራ ይሆናል። ዳኛው ይመጣል፤ ጥቅሉ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። የዚያን ዓመት ደብዳቤው በጥቅሉ ላይ የተገኘ ሰው በሕይወት አለ። ያልተገኘ ሞቷል። ክርክር የለም። የሟቾቹ ስም ለድልድይ ጠባቂው ይላካል፤ ሙት ድልድይ አይሻገርማ። ሰውየው ራሱ በእግሩ መጥቶ «ኧረ እኔ ነኝ፣ አለሁ» ቢልስ? ሙት አይናገርም ይላል ሕጉ፤ ስለዚህ የሚሰማው የለም።

የጥቅሉ ጠባቂ ወይዘሮ ማንያህልሻል ትባል ነበር። ሃምሳውን አልፋለች፤ ልጅ አልወለደችም፤ ቁጡ ነች፣ ግን ማንንም በድላ አታውቅም። መርፌዋን ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ሰክታ ነው የምትውለው። አርብ አርብ ሴቶቹ ሲመጡ ጥቅሉን አውጥታ ታነብላቸዋለች፤ እነሱም የባላቸውን ጽሕፈት በጣታቸው ይዳስሳሉ። የእሷ ሰው ደግሞ ወንድሟ አምባዬ ነው። እናታቸው ስትሞት ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ነች። ግንቡ ጋ ከሄደ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ አዋጅ ወጣ። ከቆጠራው በኋላ የሸንተር አርባ አንድ ሰዎች ይመለሳሉ ተባለ። አምባዬም ከነሱ አንዱ ነው። ሸንተር በደስታ ልታብድ ደረሰች፤ ማንያህልሻል ግን እንቅልፍ አጣች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጎረቤት ወረዳ በታች ወንዝ የሆነውን በዓይኗ አይታለቻ።

የታች ወንዝ ጠባቂ ደግ ሰው ነበር። ጥቅሉ አንድ ቀን በአንድ ደብዳቤ ሰበብ እንዳይወሰድበት ፈርቶ «አይሸተቴ» የሚባለውን ወረቀት ለመነ። አይሸተቴ የተጻፈለትን ቦታ አሽታች አይነካውም። «ለምን ቤት?» ብለው ሲጠይቁት ስውሩን ጓዳ ለሰው ላለመናገር ምሎ ነበርና «ለደብዳቤ ቤቱ» አላቸው። ተጻፈለት፤ ታተመለት፤ ታች ወንዝ በግ አረደ። አሽታቾቹ በቀናቸው መጡ። ወረቀቱን አነበቡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው አግዳሚ ወንበርና መጥረጊያ ብቻ ያለበትን የፊቱን ክፍል በአክብሮት አለፉና ወደ ጓዳው ወረዱ። «ኧረ አይሸተቴ አለው!» ቢላቸው «ጓዳው ወረቀቱ ላይ የለም» አሉት። ከጥቅሉ አንዱ ደብዳቤ የመብራት ዘይት ሸተታቸው፤ ጥቅሉን እንዳለ ወሰዱት። በቆጠራው ዕለት ሠላሳ ሦስት ሰዎች ባንድ ቃል ሞቱ።

ከሙታኑ አሥራ አንዱ በዚያው ሰሞን ከግንቡ ተለቀው መጡ። ድልድዩ ላይ ተመለሱ ተባሉ። ወዴት ይሂዱ? ከወንዙ ማዶ የሣር ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። ሚስቶቻቸው ጥቁር ለብሰው ከወዲህ ማዶ ልብስ ያጥባሉ፤ ያጠቡትን መልሰው ያጥባሉ። ማንያህልሻል አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ አንዱ ሰውዬ «ልጅቷ ጥርስ አወጣች?» ብሎ ሲጣራ፣ ሚስቱም ሳትመልስ ልብሱን ስትጨምቅ ሰማች። ያ ነገር ከጆሮዋ አልወጣ አላት።

ስለዚህ ስንቋን ቋጥራ ወደ ሊቀ አሽታቾች ሄደች። ሦስት ቀን ደጅ ጠንታ በአራተኛው ገባች። ሊቀ አሽታቾች ድፋባቸው ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። አፍንጫቸው በነጭ ጥጥ ተሸፍኗል፤ በከንቱ እንዳያልቅ ነው አሏት። ሲናገሩ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላሉ።

«ምን ፈለግሽ፣ ሴትዮ?»

«አይሸተቴ ልለምን ነው ጌታዬ። ከሸንተር ነኝ፤ የጥቅሉ ጠባቂ።»

«ለደብዳቤ ቤቱ ነዋ። እሱ ቀላል ነው፤ ይጻፍልሻል።»

«የለም ጌታዬ። ቤቱስ ይሸተት፤ ከፈለጋችሁ በየቀኑ ይሸተት። እኔ የምለምነው ከሥሩ ላለው ጓዳ ነው።»

ሊቀ አሽታቾች ቀና ብለው አዩዋት። «ሰው ሁሉ የሚለምነው ለቤቱ ነው።»

«ለቤቱ የለመኑትን አውቃቸዋለሁ። ወንዝ ዳር ናቸው።»

ብዕራቸውን አነሱ። «እንግዲያው ጓዳው የቱ ጋ ነው? ስሙስ ማነው? ከደጃፉ እስከ ጥጉ ሳይነገር አይጻፍም። በአንዲት ፊደል ብትስቺ ሌላ ጓዳ ይፈቀድና ያንቺው ይሸተታል።»

«አሽታቾች በየሳምንቱ ይገቡበት የለም እንዴ?»

«እነሱ በአፍንጫቸው ነው የሚደርሱበት። ወረቀት አፍንጫ የለውም።»

«ለሰው ላልናገር ምያለሁ ጌታዬ።»

«እኔ ሰው አይደለሁም» አሏት።

ማንያህልሻል የሰማችውን ተጠራጥራ ጆሮዋን ወደሳቸው አዘነበለች።

«ከዚህ ወንበር ስነሳ ሰው ነኝ» አሉ ሊቀ አሽታቾች፤ «ሚስት አለችኝ፣ ወገቤን ያመኛል። ተቀምጬ ሳለሁ ግን ሹመት ነኝ። ለሹመት የተነገረ ለሰው ተነገረ አይባልም። ስንቱ ጠባቂ እዚሁ ቆሞ ነግሮኛል፤ አንዱም መሐላ አፈረሰ አልተባለም።»

ምን ታድርግ? የሚመለሱትን አርባ አንድ ሰዎች አሰበች። ወደ ወንበሩ ቀረበችና ስሙን ሦስት ጊዜ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ፊደል በፊደል እየደገሙ ጻፉት። ማኅተሙን አንስተው ከመምታታቸው በፊት ግን መልሰው አስቀመጡት።

«አሁን እኔ ልጠይቅሽ» አሉ። «ንጉሥ የገደለውን ዓይነት ደብዳቤ እዚያ ጓዳ ቢገባስ? እኛ አንወርድም፣ አናሸትም። አርብ አርብ ጥቅሉን የሚዳስሱት ሴቶች ቢያልቁ ማን ሊጠየቅ ነው?»

እውነታቸውን ነው። ሹም ሁሉ ጅል ነው ብላችሁ አታስቡ፤ ይህንን ጥያቄ እሷም በመንገዷ ሁሉ ስታሰላስለው ነው የመጣችው። «ክፉው ሳይሰፋ በፊት በር ላይ ይሸተት» አለቻቸው። «ከተሰፋ በኋላ ማሽተት ምን ይረባል? አንዱን ክፉ አገኘን ብላችሁ አርባውን ደግ ትወስዳላችሁ።»

«በር ላይ ማን ያሽት? ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ሸንተር ድረስ አሽታች አልልክም።»

«እኔ አሸታለሁ።»

ይቺን ቃል በኋላ ስንት ቀን መላልሳ አሰበቻት መሰላችሁ። ያን ጊዜ ግን ደስ ብሏት ነው የተናገረችው። ሊቀ አሽታቾች የመዝገቡን ግልባጭ ሰጧትና አስማሏት። በመዝገቡ ያለ ሽታ የሸተተው ደብዳቤ አይከፈትም፣ አይነበብም፣ አይሰፋም፤ የማንም ቢሆን ወደ ዝም ቤት ሳጥን ይገባል። በቆጠራው ዋዜማ ሊቀ አሽታቾች ራሳቸው መጥተው ከጓዳው ደጃፍ ይቆማሉ።

«ጓዳው አይሸተትም አላሉም?»

«እኔማ አላሸትም፤ እቆማለሁ እንጂ። ሽታው ራሱ ወደኔ ከመጣ ግን ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ጥቅሉም ይሄዳል።» ከዚያ ማኅተሙን መቱት።

ልትወጣ ስትል ከወንበራቸው ተነሱ። «እዚያ የሚመለስ ሰው አለሽ?» አሏት።

«ወንድም አለኝ ጌታዬ።»

«እግዜር በሰላም ያግባልሽ» አሏት፤ ይህን ሲሉ ቆመው ነበር።

በተከታዩ ሳምንት አሽታቾቹ ሸንተር መጡ። ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። የፊቱን ክፍል ከነመጥረጊያው፣ ከነአግዳሚው ወንበር አሸተቱና ወደ ጓዳው ሳይወርዱ ሄዱ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወርቅያንስ የምትባል ጎረቤቷ፣ ባሏ ከአርባ አንዱ አንዱ የሆነ፣ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በማንያህልሻል አፍንጫ ያልፍ ጀመር። እንዲያው ለይስሙላ አልነበረም። አንድ ቀን የማን ጽሕፈት እንደሆነ የማይታወቅ አንድ መጣ። በላዩ ላይ «ሰባት በቅሎ ደርሶሻል፤ ሳትውይ ሳታድሪ ጣትሽን ምራቅ አስነክተሽ ግለጪው» ይላል። አሸተተችው፤ ያንኑ የጥንቱን የመጀመሪያውን መርዝ ይሸታል። ሳጥን ውስጥ ከታ እጇን በአመድ ታጠበች። የዚያን ዕለት ሹመቷን አከበረችው፤ ባልኖር ኖሮ ይሄኔ ስንቱ አልቆ ነበር አለች፤ እውነትም አላት።

ከግንቡ ደብዳቤዎቹ አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር፤ ሠላሳ ደረሱ፣ ሠላሳ አምስት ደረሱ። የአምባዬ ሁልጊዜም መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ ልጅ ሆኖም ለምሳ ተጠርቶ መጨረሻ የሚመጣ እሱ ነበር። ሐምሌ ላይ ጨረቃ ስትወለድ የመዝገቡ መልእክተኛ መጣና ሦስት አዲስ ሽታ አነበበ፤ የተቃጠለ ቀንድ፣ አዲስ ገመድ፣ ጤና አዳም።

«ጤና አዳም?» አለች ማንያህልሻል። «ለሆድ ቁርጠት የሚጠጣው? እሱ ምን አደረገ?»

«እኔ ተሸካሚ ነኝ፣ እናቴ። የተሸከምኩትን አራገፍኩ።»

አንዱ፣ የመዝገቡን ጸሐፊ ጤና አዳም ራሱን ያመዋል አለ፤ ሌላው አማቱ ጤና አዳም ትወዳለች አለ። ምክንያቱን ያወቀ የለም። ሰው ሁሉ ከየጓሮው እየነቀለ ወንዝ ጣለው። ማንያህልሻልም የእናቷን ተክል ነቀለችው።

በወሩ አርባኛውና አርባ አንደኛው ደብዳቤ ባንድ ላይ መጡ። አርባኛው የወርቅያንስ ባል ደብዳቤ ነው፤ ንጹሕ ነበር፤ ሰፋችው። አርባ አንደኛውን ገና ከላይ ሲታይ አወቀችው። «አ»ዋን እግሯን አርዝሞ የሚጽፍ ከአምባዬ በቀር ሰው የለም። እንደ እህት ሳመችውና፣ ዘንግታ የነበረውን አፍንጫዋን አስታውሳ አሸተተችው። ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ደብዳቤ አመላላሹ ውኃ ላምጣልሽ እስኪላት ድረስ አልተነሳችም። ደብዳቤው ጤና አዳም ይሸታል።

ቆጠራው ሃያ ቀን ቀርቶታል። በመጀመሪያው ቀን ደብዳቤውን ነፋስ ላይ ሰቀለችው። በሦስተኛው አመድ ውስጥ ቀበረችው። በሰባተኛው ቆርቆሮ ላይ አድርጋ ፀሐይ አስመታችው። በየጠዋቱ ታሸታለች። ጤና አዳም ግትር ቅጠል ነው፤ የብራናው ቆዳ ዘይቱን ጠጥቶታል፤ ሲሞቅ ይባስ ይሸታል። በእጄ ገልብጬ ልጻፈው እንዳትል፣ የላኪው ጽሕፈትና አውራ ጣት የሌለበት ደብዳቤ በቆጠራ አይቆጠርም። ያለፉት ስምንት ደብዳቤዎቹ በጥቅሉ ላይ አሉ፤ እነሱ ግን ያን ጊዜ እንደነበረ እንጂ አሁን እንዳለ አይመሰክሩም።

ወርቅያንስ መክሳቷን አይታ መጣች። ማንያህልሻል ሁሉንም ነገረቻት።

«ከፍተሽ ቅጠሉን አውጥተሽ ብትጥይው?» አለች ወርቅያንስ።

«የሸተተ አይከፈትም፤ ምያለሁ። ባልምልስ ምን ሊረባ? ቅጠሉ ቢወጣ ብራናው ይሸታል። ሰውየው መጥተው ደጃፉ ላይ ሊቆሙ ነው። ከሰፋሁት ጥቅሉ በሙሉ ይሄዳል፤ ያንቺም ባል።»

ወርቅያንስ አቀረቀረች። «ስፊው፣ የመጣው ይምጣ ልልሽ ፈልጌ ነበር» አለች። «አፌ እምቢ አለኝ፣ እትዬ። ይቅር በይኝ።»

«አውቃለሁ። ሂጂ፤ ልጆችሽ ይጠብቁሻል።»

እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ እናንተም አስቡት። ያልታመመ ሰው መድኃኒት እንደሚንቅ፣ ነገሩ ሳይደርስብን ለእኛም ይቀልለናል። እሷ በሃያኛው ቀን ጠዋት ደብዳቤውን ለመጨረሻ ጊዜ አሸተተች። በገዛ እጇ ዝም ቤት ሳጥን ውስጥ አስገባችው፤ ሰሙንም ራሷ አቅልጣ አሸገችው።

በዚያው ቀን ሊቀ አሽታቾች መጡ። ጥጡን አነሱ፤ የጓዳው ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ እዚያ ወንበር ስላልነበረ አንድ በርጩማ ተፈልጎ ተቀመጡበት። አንዲት ሽታ አልመጣችላቸውም። «ከጠባቂ ሁሉ አንቺን የመሰለ አላየሁም» አሏት። ማንያህልሻል እጅ ነሳች።

በማግስቱ ጥቅሉ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። ዳኛው እየተራመደ አርባ ስም ጠራ፤ በያንዳንዱ ስም እልልታ ተሰማ። ከዚያ ቆመ።

«የአምባዬ የዓመቱ?»

«የለም» አለች።

«ጠባቂዋ በሞቱ ትፈርማለች?»

አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። አንዲትም ሴት እልል አላለችም፤ ጥቂቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሰዎቹ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ድልድይ ጠባቂው ባሻ ሞገሴ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። አርባዎቹ ስማቸው እየተጠራ ተሻገሩ፤ የወርቅያንስም ባል ተሻገረ፤ ልጆቹ አላወቁትም ነበር፤ አፍረው ከእናታቸው ቀሚስ ሥር ገቡ። ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ከማዶ አንድ ሰው ብቻውን ቀረ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ድንጋይ የተሸከመ ሰው ትከሻ ሆኗል፤ አቋሙ ግን የአምባዬ ነው። የታች ወንዝ ሰዎች ከጎጆአቸው ብቅ ብለው አዩትና ቦታ ሊያሰፉለት ሣር መደልደል ጀመሩ።

«እታለም!» ብሎ ተጣራ።

ማንያህልሻል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ወንዙ ዳር ወረደች። ባሻ ሞገሴ ከላይ ሆኖ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አላት።

«ከማንም።»

«እንደሱ ከሆነ ደግ» አለና ጀርባውን ሰጥቶ የበቅሎውን ኮርቻ ማጥበቅ ጀመረ። ኮርቻው አልላላም ነበር።

«ደብዳቤዬ አልደረሰም እንዴ፣ እታለም?»

«ደርሷል።»

«ታዲያ?»

«አሸተትኩት» አለችው። ድምፅዋ ያልደረሰው መስሏት ደገመችው። «እኔ ነኝ ያሸተትኩት። ሳጥን ውስጥም የከተትኩት እኔ ነኝ።»

አምባዬ ቆሞ ውኃውን አየ። ስለ ሸንተር አይሸተቴ፣ ስለ አዲሱ መዝገብ ያን ዕለት በመንገድ ላይ ከሰው ሰምቶ ነበር። «አርባዎቹ ሲሻገሩ አይቻለሁ» አለ። «ሁሉም ተሻገሩ?»

«ሁሉም።»

«በይ እንግዲህ አታልቅሺ። ምን ታደርጊያለሽ።» ቀጥሎም «አነበብሽው ወይ?» አላት።

«አይከፈትም ይላል። አልከፈትኩትም።»

«እንግዲያው ልንገርሽ። ዓመት ሙሉ ያሰብኩት ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።» እጁን ወደኋላ አድርጎ፣ አርብ አርብ እሷ ስታነብ እንደምትቆመው ቀጥ ብሎ ቆመ። «ለምወድሽ እህቴ ለማንያህልሻል። እንደምን ከርመሻል። እኔ ደኅና ነኝ፤ አንድ ጥርሴ ወልቋል፣ ሌላው ደኅና ነው። ዘንድሮ ትሄዳላችሁ ብለውናል፤ እስካየው አላምንም፤ አንቺም እስክታይኝ ድረስ ድግስ እንዳትደግሺ። ከግንቡ ሥር ድንጋይ ስንፈነቅል ጤና አዳም በቅሎ አገኘሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አረንጓዴ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አንዲት ዘለላ ቆርጬ ብራናው ውስጥ ጠቅልዬልሻለሁ። ሌላ የምልክልሽ ነገር የለኝም። ከማንበብሽ በፊት አሽቺው፤ የቤታችን ጓሮ ይሸታል።»

ማንያህልሻል ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች።

«ደርሶኛል፣ አምባዬ» አለችው።